ቦይለር አለው

የደብረ ማርቆስ ደላላ ቤት ሲያሳይ የሚናገረው ነገር ወረፋ አለው። መጀመሪያ የግቢው ፀጥታ ይመሰገናል፤ ምስጋናው ሳያልቅ ከአጥር ወዲያ ያለው ወፍጮ ቤት ሥራውን ይጀምራል። ቀጥሎ ወለሉ ሴራሚክ መሆኑ ይነሳል፤ ከዚያ አከራይዋ “እንደ እናት” መሆናቸው። ይህ ሁሉ ተብሎ ኪራዩ ሲጠራ የሰውየው ፊት ከጠቆረ፣ ደላላው ለክፉ ቀን ያስቀመጣትን ያወጣል። የባኞ ቤቱን በር በርግዶ ወደ ላይ እያመለከተ “ቦይለር አለው” ይላል። እውነትም ከመጸዳጃው በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ነጭ በርሜል ተሰቅሏል። ይሠራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቤት ፍለጋ ሲዞር የሰነበተ ሰው ማረፍ እንጂ መመርመር አይፈልግም፤ ደላላም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

ቆላ ያደገ አንባቢ ለሞቀ ውሃ ይህን ያህል መንሰፍሰፍ ምን አመጣው ሊል ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ማርቆስ በአውቶቡስ የመጣ ሰው ግን አይጠይቅም። ዓባይ በረሃ ሲወርድ ሹራቡን ያወልቃል፤ መስኮት ይከፈት አይከፈት የሚለው የተሳፋሪ ሙግትም እዚያች ላይ ለጥቂት ጊዜ ይበርዳል። ከወንዙ እስከ ደጀን አፋፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ነው፤ ያን ሲጨርስ ሹራቡን መልሶ ያጠልቃል፤ ማርቆስ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ከተማዋ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትርን አልፋ ነው። ከበላይዋ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ አለ። ጮቄ ለዓባይ ገባሮች ውሃ ያካፍላል፤ ለማርቆስ ሰው የሚደርሰው የሌሊት ነፋሱ ነው።

የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በዚህ ብርድ ውስጥ፣ ያኔ መንቆረር ይባል በነበረው ስፍራ፣ ቤተ መንግሥታቸውን ተክለው ኖረዋል። ሸዋዎቹ ግን አልቻሉትም። የእንጦጦ ብርድ ሲጠናባቸው ወደ ፍል ውሃው መውረድ አበዙ፤ እቴጌ ጣይቱም ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. እዚያው ቤት ተሠርቶ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የአገሪቱ ዋና ከተማ በሞቀ ውሃ ምክንያት የተገኘች ከሆነ፣ አንድ ተከራይ ለአንድ ባልዲ ለብ ያለ ውሃ አከራዩን ቢጨቀጭቅ ነውር የለበትም ባይ ነኝ።

የድሮው ቤት ለብርዱ መልስ ነበረው። ግድግዳው እንጨትና ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ጣራው ሣር፣ መሐሉ ምድጃ ነበር፤ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል እንጂ ሙቀቱ አይታማም። ዛሬ የሚከራየው ቤት ብሎኬት ነው። ብሎኬት ቀን የጠጣውን ብርድ ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋው ያድራል። ከላይ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ ካለው ዕድለኛ ነህ። ከሥር ያ የተመሰገነው ሴራሚክ አለ። በሐምሌ ሌሊት ሴራሚክ ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ደላላውን በስሙ ጠርቶ ይረግማል።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከተማው ፀሐይ ይሞቃል። ጋቢውን የደረበ ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ቢሮ ያለው ሰው እንኳ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ደጅ ይወጣል። የማርቆስ ባለጉዳይ የሚፈልገውን ሹም ወንበሩ ላይ ካጣው ተስፋ አይቆርጥም፤ ዞር ብሎ ፀሐይ ያረፈበትን ግድግዳ ማየት ይበቃዋል። ጉዳዩም ከቢሮ ይልቅ እዚያ ቶሎ ያልቃል፤ የሞቀው ሰው ፊርማ አይሰስትም።

ማታ ከሰል ነው። እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። ብሎኬት ቤት የድሮው ሣር ቤት አይደለም፤ መስኮቱ አሉሚኒየም ነው፣ ሲዘጋ ግጥም ይላል። በደንብ የቀላ ከሰል ጭስ ስለሌለው ደህና ይመስላል፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ ድካሙን እንቅልፍ መስሎት ይተኛል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ተነስቶ መስኮት አይከፍትም። በየክረምቱ እንዲህ እንደተኙ የቀሩ ሰዎች ወሬ እንሰማለን፤ ተዝካሩን በልተን ስንመለስ ግን እኛም ማንደጃችንን ወደ መኝታ ቤት እናስገባለን። ጎረቤታችሁ ይህን ሲያደርግ ካያችሁት ይሉኝታ አትያዙ፤ ማንደጃውን ከነከሰሉ አውጡበት።

ወደ በርሜሉ ልመለስ። የእኛ ግቢ የኪራይ ውል በእጅ የተጻፈ ነው። “ስቶቭ፣ ሂተርና ካውያ ያለ አከራይ ፈቃድ መጠቀም ክልክል ነው” ይላል። ቦይለር አልተከለከለም። ለምን እንዳልተከለከለ የገባኝ ክረምት ሲገባ ነው፤ የማይሠራ ነገር ምን ይከለከላል። አከራያችንን የግቢው ሰው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። አንድ ጠዋት በረንዳቸው ላይ ጌሾ ሲያሰጡ አገኘኋቸው።

“እትዬ፣ እንደምን አደሩ። ቦይለሩ አይሞቅም።”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ኧረ በል! እስከ ዛሬ ሲሞቅ ኑሮ?”

“እኔ ከገባሁ ጀምሮ ሙቆ አያውቅም።”

“አንተ ከገባህማ ብዙ ነገር ሁኗል” አሉ። ምን ምን እንደሆነ ግን አልዘረዘሩም። “ካንተ በፊት የነበረው ልጅ፣ እግዜር ይስጠው፣ አንድ ቀን ቅር ብሎት አያውቅም።”

ያ ምስጉን ልጅ የጮቄ ሥር ተወላጅ እንደነበር፣ ዕድሜውን በምንጭ ውሃ ሲታጠብ እንደኖረና ቦይለሩን ፎጣ ማስጫ አድርጎት እንደሄደ በኋላ ነው የሰማሁት። እትዬ የጌሾውን ቅጠል እየገለበጡ ትንሽ አሰቡና የመጨረሻ ምክራቸውን ሰጡኝ።

“ይልቅ ሚስት አግባ። ቤት የሚሞቀው በሰው ነው።”

በአገራችን አንድ ዕቃ ሲበላሽ የማያክም ግቢ የለም፤ ሁሉም ሐኪም ነው። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤቴ ቦይለሩን ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠና “ካንዴላው ነው” አለ። ቦይለር ካንዴላ የለውም ብለው “ታዲያ በምን ይነሳል?” ብሎ መልሶ አፋጠጠኝ። ጤና ጣቢያ የምትሠራው እህታችን የውሃውን ጠጠር ከሰሰች፤ ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ የጋገረውን ነጭ ቅርፊት አምጥታ አሳየችን። በዚህ ግማሽ እውነት ነበራት። የምህንድስና ተማሪው ደግሞ ስለ ሙቀት ሕግጋት ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ፤ ሁሉም ትክክል ነበር። ችግሩ ክዳኑን የሚፈታበት ካቻቢቴ አልነበረውም።

ስለዚህ ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያው “ነገ እመጣለሁ” አለና እንደ ወጉ ከነገ በኋላ መጣ። ሲመጣ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ብሬከሩን አስጠፋ፣ ከሥር ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ፈታ፣ ባትሪ አብርቶ ውስጡን አሳየኝ። ለካ ያ ሁሉ ግርማ ያለው በርሜል ሆዱ ውስጥ ያለው ዋና ነገር ሁለት ነው። አንዱ ሬዚስታንስ ነው፤ ከእንጀራ ምጣድ ሥር እንደሚቀበረው የሚግል፣ ነገር ግን በቱቦ የተሸፈነና ውሃ ውስጥ የሚቆም። ሁለተኛው ቴርሞስታት ነው። ባለሙያው ሳብ አድርጎ አወጣልኝ፤ የእርሳስ ውፍረት ያለው የነሐስ ቱቦ ነው፣ ራሱ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋ።

አሠራሩ ከመልኩ ይበልጣል። በነሐሱ ቱቦ ውስጥ ከብረትና ከኒኬል የተቀየጠ ሌላ ቀጭን ዘንግ አለ፤ ኢንቫር ይባላል። ነሐስ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ኢንቫር ግን ሞቀም ቀዘቀዘ ቁመቱ አይለወጥም ለማለት ይቻላል። ውሃው ሲግል ቱቦው ረዝሞ ዘንጉን ይስበዋል፣ ዘንጉም ቆቡ ውስጥ ያለችውን መገናኛ “ቀጭ” አድርጎ ይለያታል፤ መብራቱ ይቋረጣል። ውሃው ሲበርድ ቱቦው ያጥራል፣ ይገናኛሉ። በቃ ይኸው ነው። ኢንቫርን በ1896 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሻርል ኤዱዋር ጊዮም የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው በ1920 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ወስዶበታል። የእኛ ግቢ ሽልማቱን አይነሳውም፤ ዘንጉ ግን የእኛው ቦይለር ውስጥ ሥራ ፈቶ ተገኝቷል።

ከዘንጉ ራስ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቀይ ቁልፍ አለች። ውሃው ከልክ በላይ ሲግል ይህች ቁልፍ ዘላ ትወጣና ሁሉን ነገር ታጠፋለች፤ ሰው በጣቱ ካልመለሳት በራሷ አትመለስም። ባለሙያው ጫን አደረጋት፤ ቀጭ አለች። “በል አሁን ይሞቃል” አለ። ያን ሌሊት ሞቀ። በማግስቱ ግን ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። ተመልሶ መጥቶ ሲያየው የቴርሞስታቱ መገናኛ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ማቋረጥ ሲያቅተው ውሃው ይግላል፣ ቀዩዋ ቁልፍ ትዘላለች። ሬዚስታንሱም እንደ እህታችን ቃል ነጭ ቅርፊት ለብሷል።

ሌላም ነገር አገኘ። ቴስተሩን ቧንቧው ላይ ሲያስነካው ቴስተሩ በራ።

“እትዬ፣ ይህ እኮ ኤሌክትሪክ ይዟል። የመሬት ሽቦ የለውም።”

“ትንሽ ነዘር ያደርጋል እንጂ ሌላ ጠባይ የለበትም” አሉ እትዬ፤ ስለ አንድ ተናዳፊ ዘመዳቸው የሚያስረዱ ነበር የሚመስሉት።

ባለሙያው በዚህ አልተደራደረም። ጓሮ አስቆፍሮ የብረት ዘንግ ቀበረ፤ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞላበት፣ ውሃ አጠጣው፣ ከዚያ ወደ ቦይለሩ ሽቦ ሳበ። ከሰልና ጨው እርጥበት ይዘው መሬቱ ኤሌክትሪክ እንዲቀበል ያደርጋሉ። እትዬ ከሰላቸው ጉድጓድ ሲገባ ቢያንገበግባቸውም እኔ ግን በማርቆስ ከሰል ያለ ሥጋት የሚያገለግልበት ቦታ ማየቴ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ቴርሞስታቱ ግን ማርቆስ ገበያ ላይ በልኩ አልተገኘም። ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ፤ መንገዱ ደህና ሲሆን። “እስከዚያው ቀጥታ ልስጣችሁ” አለ ባለሙያው። ቀጥታ ማለት ቴርሞስታቱን ዘሎ መብራቱን በቀጥታ ወደ ሬዚስታንሱ ማገናኘት ነው። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት እትዬ “ቀጥታ ይሁን!” አሉ። ቀጥታ ዋጋ አይጠየቅበትም።

ቀጥታ የተሰጠ ቦይለር በቃኝ አያውቅም። ማርቆስ ላይ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ፣ ከፍታው አየሩን ስላቀለለው፣ 92 ዲግሪ ግድም ላይ ይፈላል። በተዘጋ በርሜል ውስጥ ግን እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው ከዚያም አልፎ ይሄዳል። መዳኛው ከሥር ያለችው የግፊት ቫልቭ ናት፤ እሷ ደግሞ ስትሠራ ጠብ ጠብ ስለምትል ሰው ይሰለቻታል። ጠብታው ሴራሚኩን አበላሸ ተብሎ ቫልቭዋን በላስቲክና በሽቦ ጠፍንጎ ማሰር የተለመደ ነው፤ የእኛም ታስራለች። ያለ ቴርሞስታት የሚነድ፣ ቫልቩ የታሰረ ቦይለር ሲፈነዳ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። ይህን ስነግራቸው እትዬ አልደነገጡም። “እኔ እያለሁ ምን ሲሆን!” አሉ። እውነታቸውን ነበር። የሰርቪስ ቤቶቹ ብሬከር ያለው እሳቸው ሳሎን፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከማርያም ሥዕል በታች ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቴርሞስታቱ እትዬ ሆኑ።

ነገሩ እንግዳ እንዳይመስላችሁ። ቴርሞስታት ወደ ግድግዳ ከመውጣቱ በፊት ሰው ነበር። ዋረን ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ኋይትዋተር በምትባል ከተማ ሲያስተምር፣ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ በየክፍሉ እየገባ የሙቀት መለኪያውን ያይ ነበር፤ ከዚያ ምድር ቤት ወርዶ እሳቱን ያስተካክላል። መምህሩ ትምህርቱ በተቋረጠ ቁጥር ተናደደ፤ በ1883 እ.ኤ.አ. ክፍሉ ሲሞቅ ወይም ሲበርድ ምድር ቤት ላለው ሰው ደወል የሚደውል መሣሪያ አውጥቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሚልዋኪ ላይ ኩባንያ አቋቋመ። ጆንሰን ያን ሰውዬ ከክፍሉ ለማስወጣት ደከመ፤ እኛ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን ጋቢ ደርበን መልሰን አስገባነው።

እትዬ ግን ከነሐስ ዘንግ የሚለዩበት ነገር አለ። ዘንጉ የሚያውቀው ሙቀት ብቻ ነው። እትዬ እንጀራ መጋገር፣ ለቅሶ መድረስና የተከራይ ጠባይ ያውቃሉ። ኪራይ የዘገየ ወር ውሃው ቀዝቃዛ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ዕለት ደግሞ ነገሩ ያለቀለት ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፣ ቦይለሩ ሲጨመርበት ብሬከሩ ይወድቃል። እኔ ሳሙና ተቀብቼ ሳለሁ ከበረንዳው ድምፅ ይመጣል።

“ልጄ፣ እየታጠብህ ነው?”

“አዎ እትዬ!”

“እሽ፣ ጨርስ። ምጣድ ልጥድ ነው።”

ይህ ጥያቄ አልነበረም። ማስታወቂያ ነበር።

ምጣድ በማይጣድበት ማታም ውሃው ለብ ብሎ ሲቀር ሁላችንም እትዬን ጠረጠርን። የምህንድስና ተማሪው ነው ነፃ ያወጣቸው። ከጓደኛው መለኪያ ተውሶ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሶኬቱን ሲለካ 220 ቮልት መሆን የሚገባው 170 ሆኖ ተገኘ። ሰፈሩ ሁሉ አምፖሉን፣ ስቶቩንና ቴሌቪዥኑን የሚያበራበት ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ልጁ የሚመሰገንበትን ነገር ነገረን፤ ቮልቴጁ በሩብ ገደማ ቢቀንስም ሙቀቱ የሚቀንሰው በሩብ አይደለም፣ ከአሥር እጅ አራት እጁ ይሄዳል። የእኛ ቦይለር 50 ሊትር ይይዛል፣ ጉልበቱ 1,500 ዋት ነው። ውሃውን ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ኃይሉ ሙሉ ሲሆን ይህ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይፈጃል፤ በ170 ቮልት ግን ሦስት ሰዓት ይጠጋል። እትዬ “ሁለት ሰዓት በቂው ነው” ብለው ሲያጠፉት ውሃው ገና መንገድ ላይ ነው። ዘንጉ ቢሆን ይጠብቀው ነበር።

ከዚያ የሂሳቡ ነገር አለ። ቆጣሪው ለግቢው አንድ ነው። ሁሉም ቢታጠብበትም ቦይለሩ ያለው እኔ ባኞ ቤት ስለሆነ ወር በመጣ ቁጥር ሁሉም ዓይን ወደ እኔ ይዞራል፤ ባጃጅ ነጂው ሌሊቱን ሙሉ ስልክ፣ ባትሪና ስፒከር ቻርጅ የሚያደርግበትን ዲቫይደር ማንም አያነሳም። የመብራት ታሪፍ ደረጃ ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ርካሽ ነው፣ ፍጆታው ባደገ ቁጥር ዋጋውም እየወጣ ይሄዳል። ርካሹ ደረጃ የሚሰጠው ለቆጣሪው ነው፤ ቆጣሪው ሥር ስንት አባወራ እንዳለ አይጠይቅም። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም አራት ድሃ ተደምሮ በሂሳብ አንድ ሀብታም ይሆናል። ይህን ለእትዬ በወረቀት አስልቼ ባሳያቸው “ታዲያ ለምን ተሰብስባችሁ ትኖራላችሁ?” አሉኝ። የሰበሰቡን እሳቸው ናቸው።

አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ ስነግረው ሳቀ። እሱ የቤቱን ሙቀት ከሥራ ቦታው ሆኖ በስልኩ ነው የሚያዘው። ቆየት ብሎ ግን እውነቱ ወጣ፤ እናቱ ከአገር ቤት የመጡ ሰሞን 26 ላይ ያደርጉታል፣ ሚስቱ ወደ 20 ትመልሰዋለች፣ እሱ መሐል ላይ ሂሳቡን ይከፍላል። ለማንኛውም ሕጋቸው ያስቀናል። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ፣ ውጭው ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ አከራይ ቤቱን ቀን ቀን ቢያንስ 20 ዲግሪ የማድረስ ግዴታ አለበት፤ ሌሊት ደግሞ፣ የውጭው ሙቀት ምንም ይሁን ምን፣ 17 ግድም። ይህ ሕግ ማርቆስ ቢታወጅ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት የማይከሰስ አከራይ አይኖርም።

የእኛም አገር ዝም አላለችም፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። መልካም ነው። ሁለት ዓመት ግን በቀዝቃዛ ውሃ ሲቆጠር ረጅም ነው።

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ተማሪው በአንድ ወገን፣ የእትዬ ጸሎት በሌላ ወገን ተገናኙ። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ቮልቴጁ ሙሉ ይሆናል። እትዬ ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለጸሎት ይነሳሉ፤ መጋረጃው ጋ ሥዕሉ ፊት ሲቆሙ ብሬከሩ ከእጃቸው አይርቅም። ሲነሱ ያበሩታል፣ ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ያጠፉታል። እንዲህ ሆኖ የግቢያችን የሞቀ ውሃ በእትዬ ጸሎት ርዝመት መለካት ጀመረ። ውዳሴ ማርያም ብቻ ያደረሱ ዕለት ውሃው ለብ ያለ ነው። ዳዊት የደገሙ ዕለት ይሞቃል። በዓቢይ ጾም፣ ስግደቱ ተጨምሮ፣ ቧንቧውን የሚከፍት ሰው መጠንቀቅ አለበት፤ ቆዳ ይልጣል። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ግን ጾምም ስግደትም ስለሌለ ነገሩ ይላላል፣ እትዬም ትንሽ ያንቀላፋሉ፣ እኛም በቀዝቃዛ እንታጠባለን። የግቢው ተከራይ ሁሉ፣ ሙስሊሙ ባጃጅ ነጂ ጭምር፣ ጾም መቼ እንደሚገባ ከእትዬ እኩል ያውቃል።

ቴርሞስታቱ በመጨረሻ መጣ። ባለሙያው ገጠመው፣ ሬዚስታንሱን ከቅርፊቱ ፋቀው፣ ቀጥታው ተነሳ፣ ቫልቩም ሽቦው ተፈታለት። አሁን ውሃው 60 ዲግሪ ሲደርስ ዘንጉ በራሱ ያቋርጣል፤ ማንም ሰው ብሬከር መንካት አያስፈልገውም። ይህን ለእትዬ በዝርዝር አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። “እሽ፣ ደግ ነው። እኔም አየት እያደረግሁት ነዋ” አሉ። ብሬከሩ እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይበራል፣ ለኪዳን ይጠፋል።

እንግዲህ ደላላ ይዟችሁ ሲዞር “ቦይለር አለው” ካላችሁ ቤቱን ቀን አይታችሁ አትዋዋሉ። ማታ ሁለት ሰዓት ሂዱ፣ አምፖሉ ፈዞ እንደሆነ እዩ፣ ቧንቧውን ከፍታችሁ እጃችሁን ሥሩ ያዙ። ቫልቩ የታሰረ እንደሆነ አስፈቱ። ቀጥታ ተሰጥቶ እንደሆነ ጠይቁ። ብሬከሩ የት እንዳለም ጠይቁ፤ አከራይ ሳሎን ውስጥ ከሆነ የአከራይን ጸሎት ሰዓት ማወቅ ይጠቅማል። አከራዮችም እባካችሁ፣ ለየቤቱ ቆጣሪ ማስገባት ቢያቅታችሁ እንኳ ማብሪያ ማጥፊያውን ለተከራዩ ስጡት። የመሬት ሽቦ የሌለውን ቦይለር ግን ኪራዩ ምንም ያህል ቢረክስ፣ ደላላውም ምንም ያህል ቢምል፣ አትከራዩት።